የእማማ አቡጀዲ

የናፍታሌን ሽታ ሌላውን ሰው የክረምት ልብስ ያስታውሰው ይሆናል። እኔን የሚያስታውሰኝ ሬሳ ሆኖ የተኛ ጓደኛዬን ነው። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሻንጣ በከፈትኩ ቁጥር ሽታው አፍንጫዬን ሰንጎ ይይዘዋል። ውስጧ ነጭ አቡጀዲ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ከፈን፣ የሬሳ መገነዣ ነው፤ ሙስሊም እናቶች ለራሳቸው ቀን ገዝተው የሚያስቀምጡት ዓይነት። ባለቤቴ በተጋባን ሳምንት እንዲህ ያለውን ጨርቅ ከሸሚዞቼ ስር አግኝታ ለእናቷ ደውላ ነበር። አልፈርድባትም።

ኮምቦልቻ በአንድ የነገረ መለኮት ኮሌጅ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር የመጨረሻው ዓመት ላይ አንድ ትምህርት አንቆ ያዘኝ። ግሪክኛውን አልፌዋለሁ፤ ዕብራይስጡንም እየተንፏቀቅኩ ቢሆን አልፌዋለሁ። ያቃተኝ ቀብር ነበር። መምህራችን፣ ዕድሜ የጠገቡ መጋቢ፣ ሙሽራ ማጋባቱንም፣ ሕፃን መባረኩንም፣ ሬሳ መሸኘቱንም በተግባር ነበር የሚፈትኑን። በቀብሩ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። በመጀመሪያው ስለ ትንሣኤ የጻፍኩትን ሃያ ሁለት ገጽ አነበብኩ። "ይህን ቢሰማ ሟቹ ራሱ ተነስቶ ይሄድ ነበር" አሉኝ። በሁለተኛው ወደ አሥራ ስምንት ገጽ ዝቅ ባደርገውም ፊታቸው አልተፈታም። ሦስተኛው የመጨረሻ ነበር፤ ከወደቅሁ ምርቃት የለም። እናቴ ደግሞ ደሴ፣ ሆጤ የሚባለውን ሰፈራችንን ሁሉ ለምርቃቴ ጠርታ ጨርሳለች። በስሜ መጥራቱን ትታ "ፓስተሬ" ማለት ከጀመረችም ሰነባብታለች።

የፈተናው ቀን ፀሐዩ የአጥሩን ቆርቆሮ ያንጣጣው ነበር። ሬሳ እንዲሆን የተመደበው አብሮኝ የሚያድረው ጓደኛዬ ነው፤ ከክፍሉ ሁሉ ረጅሙ። አንሶላው ፊቱን ሲሸፍን እግሩን ያጋልጣል። አንዱ ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ብቅ ብሏል። መምህሩ ነገሩ እውነት እንዲመስል ስለሚወዱ አልጋውን ተሸክመን ግቢውን እንድንዞር፣ የኀዘን መዝሙርም እንድንዘምር አዘዙ። ዘመርን፤ ያውም በአራት ድምፅ፣ አሳምረን። ጣጣው የመጣው ከማሳመራችን ነው።

ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሙስሊም እናት ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ሁላችንም እማማ ነበር የምንላቸው። በረመዳን ማታ ማታ ሳምቡሳ በአጥሩ ቀዳዳ ያቀብሉናል። መዝሙሩን ሰምተው ኖሮ፣ አልጋውን ገና መሬት ሳናስነካ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ናፍታሌን የሚሸት የታጠፈ ነጭ ጨርቅ በብብታቸው ይዘው ግቢው ውስጥ ገቡ። ቀጥ ብለው ወደ አልጋው ሄዱ። ያቺን የተቀደደች ካልሲ ሲያዩ እንባቸው ወረደ።

የሰው ልጅ እንዲህ እግሩ ተራቁቶ አይሸኝም ብለው የያዙትን አቡጀዲ ዘረጉና ከራሱ እስከ እግሩ አለበሱት። ለራሳቸው ያስቀመጡት ከፈን መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው። ሲያለብሱት አውራ ጣቱን ነኩና ደነገጡ።

"ይሄ ልጅ ገና አልበረደም እኮ። ምን አስቸኮላችሁ?"

መምህሩ ሊያስረዱ አፋቸውን ከፈቱ። እማማ በእጃቸው ዝም አሰኟቸውና ወደ እኔ ዞሩ።

"አብሽር የኔ ዓለም። ንገረኝ እስቲ፣ ምን ዓይነት ሰው ነበር?"

በዚያች ቅጽበት እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አፈርኩ። የማውቀው ማምለጫ ወረቀቴ ስለነበር "የኢስካቶሎጂ፣ ማለትም የነገረ ፍጻሜ፣ ጽንሰ ሐሳብ" ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። እማማ በዚያ ባበጠ ዓይናቸው እያዩኝ ይጠብቃሉ። ወረቀቱን አጠፍኩት።

ውሃ በጠፋ ቁጥር ከሁላችንም ቀድሞ ጀሪካን ይዞ የሚወጣው እሱ ነው አልኳቸው። ታይፎይድ የያዘኝ ጊዜ ስምንት ቀን አጥሚት አፍልቶ አጠጣኝ፤ አጥሚቱ ሲበዛ መጥፎ ነበር፣ እሱ ግን ስምንቱንም ቀን አፈላ። አንድም ቀን አላመሰገንኩትም አልኳቸው። ሰውየው አጠገቤ በሕይወት ተኝቶ፣ እኔ ከልቤ አለቀስኩ።

አቡጀዲው በጓደኛዬ ዓይን በኩል ሲረጥብ መጀመሪያ ያዩት እማማ ናቸው። ጎንበስ ብለው አስተዋሉ። ሬሳው ከነከፈኑ ቀና ብሎ ተቀመጠና "እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አላቸው።

"ላ ኢላሀ ኢለላህ" አሉ። ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ትከሻውን ሁለቴ አቀመሱት። ከዚያ አንገቱን አቅፈው ሳሙት። ነገሩ ሲገባቸው ደግሞ አልጋው ላይ ከሬሳው ጎን ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሳቁ። መምህሩ እስክሪብቷቸውን አወጡ።

"ወረቀቱ ወድቋል። አንተ አልፈሃል።"

በማግስቱ አቡጀዲውን አጥቤና ተኩሼ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። እማማ አልቀበልም አሉ።

"ተማሪ ሁሉ ይመረቃል፣ ይሄዳል፣ በዚያው ይቀራል። ይሄ አንተ ዘንድ አማና ይሁን፣ አደራ። ቀኔ ሲደርስ ይዘህልኝ ትመጣለህ። ወረቀት ግን እንዳትይዝ።"

ተመረቅሁ፤ ደሴ ተመደብኩ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለኢድ ወርጄ እጠይቃቸው ነበር። በኋላ ትዳሩ፣ ጉባኤው፣ ስብሰባው መጣ። ከደሴ ኮምቦልቻ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ እኔ ግን አራት ዓመት ፈጀብኝ። በየዓመቱ ናፍታሌኑን እየቀየርኩ ሄጄ የጠየቅኋቸው ይመስለኝ ነበር።

አምና አንድ ጠዋት ልጃቸው ደወለችልኝ። እማማ አርፈዋል፤ ቀብሩ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ነው። ደሴ ፒያሳ ላይ ያገኘሁት ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ፣ ሻንጣዋን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ሽታው መኪናውን ስለሞላው ሾፌሩ መስኮት እንዲከፈት አዘዘ።

ልጃቸው በር ላይ ጠበቀችኝ። አቡጀዲውን ተቀብላ ለሚያጥቡት ሴቶች አቀበለችና ሌላ የታጠፈ አቡጀዲ ይዛ ተመለሰች። እማማ ለካ ሁለተኛ ገዝተው ኖሯል።

"ከመጣ የሱን አልብሱኝ ብላለች" አለችኝ። "ካልመጣ ግን በዚህ ሸኙኝ፣ እሱንም እንዳትቀየሙት፣ ሥራ ይዞት ነው በሉ ብላለች።"

ግድግዳውን ተደግፌ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ሁለተኛውን አቡጀዲ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

"ይሄ ደግሞ ለኔ ቀን ይሁነኝ። አንተ ዘንድ ሲቀመጥ ነው አንተን የሚያመጣህ።"

አሁን በየወሩ እወርዳለሁ። ባለፈው ቅዳሜም ሄጄ ነበር። ልጃቸው እማማ ይቀመጡባት የነበረችውን በርጩማ አውጥታ አስቀመጠችኝና ናፍታሌኑን ቀየርከው ወይ አለችኝ። አዎ፣ ቀይሬዋለሁ አልኳት።