በትከሻ የሚሄድ ቤት

ባለፈው ወር ልጄ ቤት ሊያሠራ መሐንዲስ አምጥቶ ግቢውን ሲያስለካ፣ እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ነበር። መሐንዲሱ የብረት ሜትሩን ስቦ ሲለቀው ቸርር ብሎ ወደ ማኅደሩ ተመለሰ። ድምፁ የድሮ ሜትሬን አስታወሰኝ። የእኔ ሜትር የጨርቅ ነበር፤ በክብ የቆዳ ማኅደር ውስጥ በናስ እጀታ እየተጠቀለለ የሚገባ፣ ላብና ያረጀ ቆዳ የሚሸት። በዚያ ሜትር የአባቴን ቤት ለክቻለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ትርፍ ቤት ከተወረሰ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ በማዘጋጃ ቤት ረዳት የቤት ግብር ገማች ሆኜ ተቀጠርኩ። ጠዋት ጠዋት ከታችኛው ሰፈራችን ከሲቀላ ወደ ላይኛው ሴቻ ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ፤ ሸሚዜ ሳይጨማደድ ቢሮ ለመድረስ ፀሐይ ሳትከር እነሣለሁ። የቤታችን ገንዘብ አያያዝ ሙሉ በሙሉ የእኔ ኃላፊነት ነበር፤ አባቴ ማንበብ አይችልም። ደመወዜ እጄ ላይ ሳይሞቅ ለድርና ማግ ነጋዴው ዕዳ፣ ለቀበሌው መዋጮ፣ ለታናናሾቼ ደብተርና ለቤት ግብር ይከፋፈላል። በዚህ ሥርዓቴ እኮራ ነበር። ቀኑ ያለፈ ዕዳ፣ ለማንም ያልተከፈለ ሳንቲም አልነበረብንም።

አባቴ ከደጋው ከጨንቻ የወረደ ሸማኔ ነው። ሲቀላ ላይ የሠራው የቆርቆሮ ቤት ለመኖሪያ ይበቃ ነበር፤ ለሽመና ግን አልሆነም። በቀትር ቆርቆሮው ሲግል ድሩ እየደረቀ ይበጣጠስበታል። ስለዚህ በጭነት መኪና ቀርከሃ አስወርዶ፣ የአገሩን ሰዎች ጠርቶ፣ በግቢያችን ጥግ እንደ ጨንቻ ቤቶች ያለ ረጅም የቀርከሃ ቤት አስጎነጎነ። ውስጡ ጨለምለም ያለና ቀዝቃዛ፣ ርጥብ ገለባ የሚሸት ነበር። ሸማ ገዢዎች በቀጥታ እንዲገቡም በሩን ወደ መንገዱ አዞረው።

እንዲህ ያለ ቤት ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል። ያን ጊዜ ሰው ይጠራል፤ የተበላው ሥር ዙሪያውን ይቆረጣል፤ ወንዶቹ ውስጥ ገብተው፣ ሌሎቹ ከውጭ በአግዳሚ እንጨት ደግፈው፣ ቤቱን እንዳለ አንሥተው ወደ አዲስ ቦታ ይወስዱታል። ልጅ ሆኜ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ከውጭ የሚታየው እግር ብቻ ነው፤ ቤቱ ሃያ ሠላሳ እግር አውጥቶ ግቢውን ሲያቋርጥ፣ ከውስጥ ሳቅና ማዜም ይሰማል።

የከተማው ቤቶች እንደገና ይመዝገቡ በተባለ ጊዜ የእኛ ሰፈር ለእኔ ደረሰ። አለቃችን "የራሱ ጣሪያና የራሱ የመንገድ በር ያለው ሁሉ አንድ ቤት ነው፤ ዘመድ ጎረቤት ብሎ ነገር የለም" ብሎናል። እኔም የቆርቆሮውን ቤት ለክቼ ሳበቃ ሜትሩን የቀርከሃው ቤት ሥር ዘረጋሁ። አባቴ ከመሸመኛው ጉድጓድ ውስጥ ቀና ብሎ አየኝ።

"ምን እየለካህ ነው?"

"ቤቱን።"

"የቱን ቤት? ይህ እኮ ዕቃ ነው። በትከሻዬ ተሸክሜው የምሄደውን ነገር ምን ብለህ ትመዘግበዋለህ?"

"አባባ፣ ደንቡ ነው። ግብሩ ቢጨምር ጥቂት ነው፤ ከደመወዜ እከፍላለሁ።"

"ግብሩን አይደለም የፈራሁት" አለ። "ሁለት ካልክ አንዱን ይወስዱታል።"

ትርፍ ቤት የሚባለው የሚከራይ ቤት እንጂ የሸማ መሥሪያ እንዳልሆነ አስረዳሁት። እንዲህ ያለ ማስረዳት እወድ ነበር። አባቴ ግን ማግ መወርወሪያውን አስቀምጦ ወጣና በቀስታ፣ ሰው እንደሚለምን አድርጎ ተናገረ፦ "እስከ ሰኞ አቆይልኝ። የአገራችን ሰዎች የቅዳሜን ገበያ ውለው እሑድ ይወርዳሉ። ቤቱን አንሥተን በሩን አዙረን ከቆርቆሮው ጋር እናገጥመዋለን። ያኔ መጥተህ ለካው፤ አንድ ይሆናል። ውሸት አይደለም።"

እውነትም ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ቅጹ ሐሙስ መግባት ነበረበት፤ እኔ ደግሞ ቀን አሳልፌ አላውቅም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ "ሁለት" ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ አስገባሁ።

ለአንድ የውሃ ቧንቧ ጥያቄ ዓመት የሚፈጅ አስተዳደር ለዚህ አንድ ቀን በቃው። ቅዳሜ ጠዋት የቀበሌው ሰዎች ቀይ ቀለም ይዘው መጥተው፣ ትርፍ ቤት ነው ብለው በቀርከሃው በር ላይ የቀበሌ ቁጥር ጻፉ። እሑድ ረፋድ ላይ የጨንቻ ሰዎች አግዳሚ እንጨታቸውን ተሸክመው ሲደርሱ፣ በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ ቆሞ ነበር።

"ጓዶች፣ ወደኋላ! የመንግሥት ንብረት ነው" አላቸው።

"መንግሥት ከመቼ ወዲህ ሸማ መሥራት ጀመረ?" አለው አንዱ ጎልማሳ።

"ተወው፣ ልጁ ታዟል" አለ ሌላው። "እሱን ጭምር ተሸክመነው እንሂድ ወይ? አጥንት ብቻ ነው፣ አይከብድም።"

ጥበቃው ራሱ ሊስቅ ሲል ከንፈሩን ነከሰ። አባቴ ግን አልሳቀም። ለሸካሚዎቹ የተዘጋጀውን ቆጮና የሚያቃጥለውን ማባያ ዳታ አቀረበላቸው፤ በልተው፣ እንጨታቸውን መልሰው ተሸክመው፣ ዳገቱን ወጡ። እኔ ከቤት አልወጣሁም። በመስኮት ነበር የማያቸው።

ሰኞ ቢሮ ስገባ አለቃችን ሲናደድ ደረስኩ፤ ከገማቾቹ ግማሾቹ አልጨረሱም ነበር። "ጊዜው በአንድ ሳምንት ተራዝሟል" አለ። አሁን ድረስ ይህን ዓረፍተ ነገር ሳስታውስ ጥርሴን እነክሳለሁ።

አባቴ ሌላ መሥሪያ ስላልነበረው የገዛ ቤቱን ከቀበሌው ተከራየ። በየወሩ ተሰልፌ ኪራዩን የምከፍለው እኔ ነበርኩ፤ ደረሰኙ ላይ አባቴ "ተከራይ" ይባላል። የድርና ማጉ ዕዳ መጀመሪያ በአንድ ወር፣ ከዚያ በሁለት ወር ዘገየ። ምስጡም ሥራውን ቀጠለ። ሥሩ ይቆረጥ ብለን ብናመለክት "የቀበሌ ቤት በግለሰብ እጅ አይነካም" ተባልን። ቀበሌው ይቁረጠው ብንል በጀት የለም። ማመልከቻውን በጥሩ የእጅ ጽሑፌ አምስት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚሄድበትን መንገድ ከማንም በላይ አውቀው ነበር፤ ግን አንድም ቀን ላፋጥነው አልቻልኩም። ቤቱ ወደ አንድ ጎኑ እያጋደለ ሰመጠ። አባቴ በሩን ጎንበስ ብሎ፣ ቆይቶም በእንብርክኩ ይገባበት ጀመር። ኋላ በአንድ ክረምት ምሽት ቤቱ ያለ ድምፅ መሬት ላይ ተኛ። የኪራይ መጠየቂያው ግን አልቆመም፤ በመዝገቡ ላይ ቤቱ አለ። ቅጣት እንዳይመጣብን፣ ቤቱ ለነበረበት ባዶ መሬት ሁለት ዓመት ኪራይ ከፈልኩ።

አባቴ በዚህ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ስለዚያ ሐሙስ አላነሣብኝም። ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

እሱ ያረፈ ጊዜ፣ እኔ ፀጉሬ ሸብቶ የመምሪያ ኃላፊ ሆኜ ነበር፤ ለቀብሩ ወደ ጨንቻ ወጣን። ጉም መቃብሩን እስከ ወገብ ሸፍኖት ነበር። ከለቅሶው በኋላ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ፤ ከዚያን እሑድ ሸካሚዎች አንዱ ነበሩ።

"እኛ ዘንድ ሰው ለከንቱ መጥራት ትልቅ ነውር ነው፤ ታውቃለህ" አሉኝ። "አባትህ በሳምንቱ እዚህ ድረስ መጥቶ፣ ዱቡሻ በምንለው የሽማግሌ መሰብሰቢያ ሜዳ ላይ በሁላችን ፊት ተንበርክኮ ይቅርታ ለመነ። 'ቅጹ የሚገባበትን ቀን የቀበሌ ሰዎች ቀድመው ነግረውኝ ነበር፤ ዘንግቼ ዘግይቼ ጠራኋችሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው' አለ። አንድ በግም አስከፈልነው።"

ስለዚያ በግ ሰምቼ አላውቅም። ገንዘቡን ከየት እንዳመጣው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሽማግሌው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "አንተ እንኳ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነበርክ። ቤቱን ሊመዘግቡበት መሆኑን ብታውቅ ኖሮ ታስቆይለት ነበር።"

"አዎን" አልኳቸው። "አስቆይለት ነበር።"