የፎቶ ቤቱ ሺመልክ

ሺመልክ በሕይወት አለ ተባለ። የሚኖረውም ዶሮ ማነቂያ ነው ተባለ። ጠዋት ጊዮርጊስ ደጃፍ ጠምጥሞ ቄስ ይሆናል፤ ረፋዱ ላይ ምኒልክ አደባባይ ከረባት አስሮ ሙሽራ ይሆናል፤ የቀበሌው ሱቅ ስኳር ያመጣ ቀን ደግሞ ነጠላ ተከናንቦ አሮጊት ይሆንና ሦስቴ ይሰለፋል። አንዲት ሴትማ ቤቷ የገባው ሰው ባሏ ሳይሆን ሺመልክ መሆኑን ያወቀችው የበላበትን ሳህን አጥቦ ሲያስቀምጥ ነው ብላ ምላለች።

እኔ ግን ተጠራጠርኩ። ሺመልክ ነው የተባለውን ሰው አውቀዋለኋ! ዘበነ ይባላል። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ባንኮኒ ተደግፈን ማኪያቶ ጠጥተናል። እንኳን መልኩን፣ ሸሚዙን የቀየረበትን ቀን አላስታውስም። ሲዋሽ ጆሮው ቲማቲም ይሆናል። ካርታ ስንጫወት ጆከር ከደረሰው ደስታው ፊቱ ላይ ስለሚነበብ፣ መንገድ ላይ የቆመው ሊስትሮ ሳይቀር ያውቅበታል። ይህ ሰው ነው እንግዲህ አዲስ አበባን በመልክ ብዛት ያተራመሳት!

ነገሩ የተጀመረው ዘበነ ከሚሠራበት ከጋሽ ገዛኸኝ ፎቶ ቤት ነው። ዘበነ እዚያ መብራት ያዞራል፣ ፎቶ ያጥባል፣ ለደንበኛ ኮት ያለብሳል። ኮቱ አንድ ነው። በዚያ ዘመን ፒያሳ ውስጥ ሱፍ ለብሶ ፎቶ የተነሳ ሰው ሁሉ ያንኑ ኮት ነው የለበሰው፤ ሰፊ የሆነበት ሰው ከጀርባው በመርፌ ቁልፍ እየተያዘለት።

በንጉሡ ጊዜ የፎቶ ቤቱ መስኮት በደንበኞች ፎቶ ያጌጠ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ግን በመስኮቱ የተሰቀለ አንድ ሹም በሳምንቱ ታሰረና ጋሽ ገዛኸኝ «ለምን ሰቀልከው?» ተብሎ ሦስት ቀን ሙሉ ሲጠየቅ ሰነበተ። ያንን አውርዶ ያሰረውን ሰቀለ። ያሰረውም ታሰረ። በሦስተኛው ጊዜ ጋሽ ገዛኸኝ በቃኝ አለና ዘበነን ጠራው።

«አንተ፣ የሚሾምህ ሰው ይኖራል?»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔን ማን አስታውሶኝ!»

«በል እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጥ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዘበነ ሆነ። ከረባት ያሰረው ሙሽራ ዘበነ፤ ጋውን የለበሰው ተመራቂ ዘበነ፤ ነጭ የጠመጠሙት ቄስ ዘበነ፤ ነጠላ የተከናነቡት አሮጊት እንኳ፣ ሴት አያቱን የሚመስለው ዘበነ። አንድ ችግር ብቻ ነበረበት። ፍላሹ ቦግ ሲል ዐይኑን ይጨፍናል። መቶ ጊዜ ቢነሳ መቶውንም ይጨፍናል። ስለዚህ ጋሽ ገዛኸኝ ፎቶው ላይ በእርሳስ ዐይን ይስልለታል። ጋሽ ገዛኸኝ ደግሞ ዐይን ሲስል ለነገ አይልም፤ ያፈጠጠ፣ ጠላቱን ያየ ዐይን ነው የሚስለው።

ፎቶ ቤቱ አጠገብ የቀበሌው የግድግዳ ጋዜጣ አለ። የሥዕል አስተማሪው እምሩ በየሳምንቱ እዚያ ላይ በሥዕል የሚተረክ ታሪክ ያወጣል። የታሪኩ ክፉ ሰው፣ መልኩን እየለዋወጠ ሰፊውን ሕዝብ የሚያደናግር ሺመልክ የተባለ ሰላይ ነው። እምሩ ሺህ መልክ ከየት ያምጣ? ወረቀቱን ይዞ የጋሽ ገዛኸኝ መስኮት ፊት ቆመና ሁሉንም ገለበጠ፤ ከነማፍጠጡ። ሕዝቡም ሥዕሉን አየ፣ ሃያ እርምጃ ተራመደና ፎቶውን አየ፣ ከዚያ ዘበነ ከፎቶ ቤቱ ሲወጣ አየ። በቃ።

ከዚያ በኋላ ዘበነ መላወሻ አጣ። ጢሙን ሲላጭ «አዲስ መልክ አወጣ» ተባለ። ሲያሳድገው «ለጠፈው» ተባለና አንድ አብዮት ጠባቂ መንገድ ላይ አስቁሞ ጢሙን ሳበለት። አልነቀል ሲለው «የሙጫው ጥራት!» ብሎ አደነቀ።

ይሄን ሁሉ በቻለው ነበር፤ ቆንጅት ባትኖር። ቆንጅት ታይፒስት ናት። ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ መጥታ፣ ዘበነ አገጯን ቀና እንድታደርግ ነገራት። አገጭ ለማቅናት አራት ቀን ፈጀ። በአምስተኛው ተዋደዱ። ጋሽ ገዛኸኝና ሁለት ጎረቤቶች ለሽምግልና ወደ አባቷ ወደ አቶ ከበደ ተላኩ። አቶ ከበደ ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የሰው ቃል ሲመዘግቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ጊዮርጊስን ሊሳለሙ ሲሄዱ ፎቶ ቤቱን ያልፋሉ፤ የግድግዳ ጋዜጣውን ደግሞ ከነማኅተሙ ያነባሉ።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ፣ ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም ብለው ቆሙ።

«ልጁ ማን ነው?» አሉ አቶ ከበደ።

«ዘበነ፣ የፎቶ ቤቱ» አለ ጋሽ ገዛኸኝ።

«የትኛው? ሙሽራው ነው ወይስ ቄሱ?»

«ሁሉም እሱ ነው» አለ ጋሽ ገዛኸኝ በቅንነት። ሁለቱ ሽማግሌዎች መሬት መሬት አዩ።

«ሙሽራ ከሆነ ሚስት አለው። ቄስም ከሆነ ሚስት አለው። ልጄን በሦስተኛነት ልድራት ነው?» አቶ ከበደ በሩን ከፈቱላቸው። «እሑድ ራሱ ይምጣ፣ ዐይን ዐይኑን ልየው። ካልመጣ ለቆንጅት ሌላ የጠየቀ ቤት አለ፤ ሰኞ እሺ እላለሁ።»

ከሽማግሌ ጋር ተሰልፎ የራሱን ሚስት የሚጠይቅ ሙሽራ በአራዳ ታይቶ አይታወቅም። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ዘበነ የመስኮቱን ፎቶዎች በሙሉ አወረደ። ወዲያው «ሺመልክ ሊሰወር ነው» የሚል ወሬ ተነሳና መስኮቱ ፊት ሕዝብ ተሰበሰበ። ደንግጦ መልሶ ሰቀላቸው። ከዚያ እየሮጠ ካፌያችን ገባና እምሩን አንገቱን ያዘው።

«ግደልልኝ!»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ተብሎ አይባልም። የማኪያቶው ማሽን እንኳ ዝም አለ።

«ማ... ማንን?» አለ እምሩ።

«ሺመልክን!»

እምሩ ትንፋሹ ተመለሰ። «አልችልም ወንድሜ። እስከ ግንቦት ያለው ታሪክ በኮሚቴ ጸድቋል። እሱን ለመግደል ስብሰባ መጠራት አለበት።»

«እሺ ፊቱን ቀይረው!»

«እሱ ቀላል ነው። ሥራው አይደል እንዴ?»

ዓርብ ጠዋት ሺመልክ መነጽር አድርጎ ወጣ። ፒያሳ ሁሉ ዘበነን አየና «መነጽሩን የት ደበቀው?» አለ።

እሑድ ደረሰ። ዘበነ የሚለብሰው ጨነቀው፤ ኮት ቢያደርግ ሙሽራው ነው፣ ነጠላ ቢያጣፋ አሮጊቷ ናት። ያችኑ የስምንት ዓመት ሸሚዙን ለብሶ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ገባ፤ ቆቡን እንደ መሪ እያሽከረከረ። አቶ ከበደ አሻግረው በሩን አዩ።

«ልጁስ? ቀረ?»

«ይኸው!» አሉ ሦስቱም።

«ይሄ? የዚያ ሰውዬ ዐይን እኮ ግድግዳ ይበሳል። ይሄ ልጅ እንቅልፍ የጣለው ነው የሚመስለው። ጭራሽ ምትክ ይዛችሁ መጣችሁ?»

ጋሽ ገዛኸኝ አንገቱን ደፋ። «ዐይኑን የምስልለት እኔ ነኝ፣ አቶ ከበደ።» አላመኑትም። ካሜራውን ከትከሻው አወረደና ፍላሹን ቦግ አደረገ። ዘበነ ጨፈነ። ደገመ፤ ጨፈነ። አቶ ከበደ መነጽራቸውን አድርገው ቀረቡና «እስቲ በደንብ ግለጥ፣ ዐይንህን በጣትህ ያዝ» አሉ። ዘበነ ሽፋሽፍቱን በሁለት ጣቱ ወጥሮ ያዘ። ቦግ! ከነጣቱ ጨፈነ።

ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ አፈተለከ። «አባባ፣» አለች ቆንጅት፣ «አቀማመጡን ሊያሳየኝ ካሜራው ፊት የተቀመጠ ጊዜም እንዲሁ ጨፍኖ ነበር።»

«ፍላሽ እንኳ የማይችል ሰው ማንን ያታልላል?» አሉ እናቷ ወይዘሮ የሺዓለም። «ሰዎቹን አስቀምጣቸው እንጂ!»

አቶ ከበደ መነጽራቸውን አወለቁ። በመጨረሻ «ተቀመጡ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ባንድ ላይ ዘጭ አሉ፤ ወንበሩ ጮኸ። ዘበነ ብቻ መቀመጥ ረሳ። አቶ ከበደ ግን ጡረታ የወጣው እሳቸው እንጂ ልማዳቸው አይደለምና ወረቀትና ብዕር ሳቡ።

«ለመዝገብ ያህል ቃልህን ስጥ። ስለ ሺመልክ የተባለው ሁሉ እንዴት ነው?»

ዘበነ ፍርድ ቤት እንደቆመ ሰው ቀኝ እጁን አነሳ። ጆሮውን አየሁት ይላል ጋሽ ገዛኸኝ፤ አልቀላም።

«ውሸት ነው። ቄስ ሆኜ አላውቅም፣ ጥምጥሙ የፎቶ ቤቱ ነው። አላገባሁም፣ ኮቱ የፎቶ ቤቱ ነው። አልተመረቅሁም፣ ያቆምኩት ከስምንተኛ ነው። ለስኳር የተሰለፍኩት አንዴ ነው፣ እሱም ሳይደርሰኝ አለቀ። ሺመልክ የሚባል ሰው የለም። ሳህን ደግሞ የማንንም አጥቤ አላውቅም!»