ጭረት ያለው መነጽር

ሽማግሌው ለጠመንጃ መነጽር ፈልገው ወደ ጠመንጃ ጠጋኙ ሱቅ ሲገቡ ጠጋኙ መጀመሪያ ያየው የካፖርታቸውን ክርን ነበር፤ መርፌ በማያውቅ እጅ፣ በጠማማ ስፌት ተጥፏል። ሁለት መነጽር ዘረጋላቸው።

«ይሄ ርቀቱን ገምተው ቁልፉን የሚያዞሩት ነው። ያኛው ውስጡ ጭረቶች አሉት፤ አውሬው ሲርቅ በታችኛው ጭረት ያነጣጥራሉ። እኔን ከጠየቁኝ፣ አባባ፣ የሚዞረው አይስትም።»

ሽማግሌው ቁልፉን ነካ አድርገው እሳት እንደነካው ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«እሱማ አይስትም፤ የሚስተው ሰው ነው። አንድ ቀን ለሩቅ አዙሬ ወደ ቦታው መመለሱን ረሳሁት። ከቅርብ ስተኩስ ጥይቱ ከአጋዘኑ በላይ አለፈ።»

«ምን ችግር አለው? አጋዘን እንደሆነ ሞልቷል» አለ ጠጋኙ።

«ከኋላው ዳገቱን ወንድሜ ይወጣ ነበር።»

ሽማግሌው ጭረት ያለውን መነጽር በቀስታ ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«ከዚያ ወዲህ ጠመንጃ አልነካሁም። አሁን የወንድሜ ልጅ አድጋ እንደ አባቷ አዳኝ ልሁን፣ አስተምረኝ አለችኝ።»

«አባቷ እንዴት እንደሞተ ታውቃለች?»

«እኔው ነኝ የነገርኳት» አሉ ሽማግሌው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ከአውሬው ኋላ ማን እንዳለ ሳታዪ አትተኩሺ የሚላት፣ ከእኔ ሌላ ማን አላት?»