ያልተጠመጠምኩበት አንገት

ያደግኩት ደቡብ ሲያትል፣ ከላይ እስከ ታች የሐበሻ ቤተሰብ በሞላው አፓርታማ ነው። እዚያ ግቢ ልጅ የሁሉም ነበር፤ አንዷ እናት ትቆነጥጠናለች፣ ሌላዋ ታባብለናለች። እኔን ግን ይበልጡን ያሳደጉኝ ከእኛ በታች የሚኖሩት እትዬ ናቸው። ጠዋት ኤርፖርት ዊልቸር ይገፋሉ፣ ከሰዓት እኛን ሰብስበው ያበላሉ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ከትምህርት ቤቱ የክርክር ቡድን ጋር ለውድድር በአውሮፕላን ልንሄድ ሆነ። በግቢያችን ደንብ መንገደኛ በየበሩ ዞሮ ሳይመረቅ አይወጣም። እኔ ግን ማን ይዞራል ብዬ በጠዋት ሹልክ አልኩ።

ፍተሻው ጋ ተሰልፈን ሳለ እትዬ አንዲት አሮጊት እየገፉ ብቅ አሉ።

«ሚጣዬ! ሳልመርቅሽ ልትሄጂ?» አሉና ዊልቸሩን ወደ እኔ አዞሩት።

አጠገቤ የቆመችው የቡድናችን ልጅ፣ ከሀብታሞቹ ሰፈር ከቤልቪው የመጣችው የመሐንዲስ ልጅ፣ ሴትዮዋን ታውቂያታለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የሰፋቸውን ዩኒፎርምና ያረጀ ጫማቸውን አየሁ። አላውቃትም አልኩ፣ በእንግሊዝኛ። እትዬ እንግሊዝኛ አሳምረው ይሰማሉ። ሊያቅፉኝ የዘረጉትን እጅ ወደ ዊልቸሩ እጀታ መለሱና አሮጊቷን ይዘው ሄዱ።

በጉዞው ሁሉ ያስጨነቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ለእናቴ ይነግሯታል። በእኛ ግቢ ወሬ አያድርም። እሳቸው ምን ተሰምቷቸው ይሆን ብዬ ግን አንዴም አላሰብኩም። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

ስመለስ ቤታችን በጎረቤት ተሞልቶ ነበር። እትዬም ሶፋው ጥግ ተቀምጠዋል። እናቴ ግን እየሳቀች ተቀበለችኝ። ያን ሁሉ ፈረንጅ ሳላፍር ሮጬ እትዬ አንገት ላይ ተጠምጥሜ ኖሯል፤ እትዬ ይህንኑ ለግቢው ሁሉ ሲያወሩ ነው የሰነበቱት። አኮራሽኝ አለችኝ።

እትዬን አየኋቸው። እሳቸው ግን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እናቴ ዞሩ።

«አንገቴን ልትሰብረው ምንም አልቀራት» አሉ።

ሰዉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

በኋላ ኪራዩ ሲወደድ እትዬ ቤት ወደሚረክስበት ወደ ኬንት ተዛወሩ። እናቴ ዛሬም እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንን ታሪክ ታወራለች፤ እትዬም ካሉ ይጨምሩበታል። እኔ እስካሁን አላስተባበልኩም።