ለሙጬ በሐሰት ያነበብኩላት ደብዳቤ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልተናገርኩም፤ ለባሌ አልተናገርኩም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ጾም በገባ ቁጥር ቅናትና ሐሜት እያልኩ ዳር ዳሩን ዞሬ፣ ዋናውን ዋጥ አድርጌ እመለሳለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዘጠኝ ዓመት ያዝኩት። ሆዴ ግን አልፈጀውም፤ እሱ ነው እኔን የፈጀኝ።

የምኖረው ዳንግላ ነው፤ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የበደልኳት ሴት ሙጬ ትባላለች። ከአዲስ ቅዳም አጠገብ ካለ ገጠር ለመሰናዶ ትምህርት መጥታ እናቴ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነበር። አባቷ በገበያ ቀን ስንቋን በጋሪ አስጭነው ያመጡላታል። እኔ አጎቴ የተወልኝ አሮጌ ላፕቶፕ ነበረኝ፤ እሷ ደግሞ እጅ ነበራት። እንዴት ያለ እጅ! እርሳስ ከያዘች በአዊኛ ለራሷ እያንጎራጎረች ያየችውን ሁሉ ወረቀት ላይ ታወርደዋለች።

አንድ ቀን ፊልም ጫኙ ጋ ሄደን ፍላሽ አስሞላን። ስለ ደወል ሠሪዎች የሚተርክ፣ በየጊዜው እንደ አዲስ የሚሠራ ረጅም የጃፓን ካርቱን፣ አኒሜ የሚሉት፣ ነበር። ሰውየው አሮጌውንና አዲሱን ሥሪት ደባልቆ ጫነልን። እኛ ምን እናውቃለን? ተከታታይ መስሎን ከላይ ወደ ታች ማየት ጀመርን። ሞቶ ተቀብሮ ያለቀስንለት ሽማግሌ በሚቀጥለው ክፍል ፊቱ ጠርቶ፣ ጢሙ ጠቁሮ ቁጭ! ሙጬ «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። «እዚያ አገር ሙታን ይነሣሉ ማለት ነው» እያልን ሳምንት ሙሉ ስንከራከር ሰነበትን። ነገሩ ሁለት የተለያየ ሥራ መሆኑ ሲገባን በራሳችን ስቀን ልንሞት። ማወዳደር የጀመርነው ያኔ ነው። ቆይተን ሦስተኛውን፣ የሁለት ሰዓቱን ፊልምም አገኘን።

ታሪኩ በሦስቱም አንድ ነው። አንዲት ልጅ ትልቅ ደወል ትሠራለች፤ አብሮ አደጓ ቀንቶ ማንም ሳያየው ይሰነጥቅባታል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። አሮጌው ሥሪት ሥዕሉ የደበዘዘ፣ እንቅስቃሴው የሚንቀራፈፍ ነው፤ ግን ልጁ ራሱ መንደርተኛው ፊት ቆሞ «እኔ ነኝ» ይላል። አዲሱ ያብረቀርቃል፣ ዓይን አይነቀልበትም፤ በእሱ ልጅቷ ራሷ መዶሻውን አግኝታ ትደርስበታለች፣ እሱ አፉን ሲከፍት ጊዜው አልፏል። በሦስተኛው፣ በፊልሙ፣ ግን ማንም አያውቅም። አብረው ያረጃሉ፣ ከማዕዷ ይበላል፣ ደወሉ በተሰነጠቀ ድምፁ እስከ መጨረሻው ሲነፋነፍ ይኖራል።

ሙጬ አሮጌውን ነበር የምትወደው። «ሰውየው ራሱ መጥቶ ይናገራል። ከዚያ ወዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?» ትለኛለች። እኔ አዋቂዋ «ኧረ ባክሽ! እንዲህ የሚናዘዝ ሰው የት አለ? እውነቱ ፊልሙ ነው» እላለሁ። ሰምታችኋል? ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። በገዛ አፌ።

ክርክራችን ደብተር ሞላ። እሷ አንዱን ትዕይንት በሦስቱም ሥሪት እንዴት እንደሆነ ጎን ለጎን ትሥላለች፤ እኔ ከሥሩ እጽፋለሁ። ስድስት ደብተር ሆነ። ፎቶ እያነሳሁ በማወጣበት የፌስቡክ ገጻችን ላይ ከየአገሩ ሰው መጣ። እንግሊዝኛ ይከብዳት ስለነበር ከፊልሙ ሥር የሚያልፈውን ጽሑፍም፣ ለገጹ የሚመጣውን መልእክትም የማነብላት እኔ ነበርኩ። እኔ ያልኳትን ታምናለች። አንድም ቀን «እርግጠኛ ነሽ?» ብላኝ አታውቅም።

ከዚያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት መጣ። እኔ አለፍኩ፣ ሙጬ ወደቀች። ክፍሏን ልትለቅ ዕቃዋን በምትሸክፍበት ሳምንት ለገጹ ደብዳቤ ደረሰ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የካርቱን ሥራ ቤት ነው የጻፈው፣ በእንግሊዝኛ። ሥዕሎቹን የሣለችውን ይፈልጓታል። ያሠለጥኗታል፣ ማደሪያ ይሰጧታል፣ ከዚያ ሥራ አለ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው የፈለግሁት ስለ እኔ ጽሑፍ የተባለውን ነበር። አንዲት ቃል የለችም። ያ ሁሉ ማታ የጻፍኩት፣ ያ ሁሉ ትንተና፣ አንዲት ቃል!

ዓይኔ ደም ለበሰ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እኔ አይደለሁም እንዴ? እሷ ምን ቀራት? ያቺ ደብዳቤ ብቻ ናት የቀረቻት። ታዲያ ያቺን እንኳ ለምን ነፈግኋት? ስንት ጊዜ ጠየቅሁ መሰላችሁ! መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ቀናሁ። ሌላ የለም።

ሙጬ ብርድ ልብሷን እያጠፈች «ምን ይላል?» አለችኝ።

«ሊከሱሽ ነው» አልኳት።

«ማን?»

«የፊልሙ ባለቤቶች። ሥዕላችንን ሰርቃለች ይላሉ።»

ብርድ ልብሱ ከእጇ ወደቀ። «ስንት ዓመት ያሳስራል?» አለች። እኔም ደብዳቤው ላይ ዓይኔን ተክዬ፣ የማነብ መስዬ፣ «ደብተሩን አጥፍተሽ ዝም ካልሽ ይተውሻል» አልኳት። ቃል በቃል እንደዚህ ነው ያልኩት። አልተንተባተብኩም።

ፍርድ ቤት የሚባል ነገር ቤተሰቧን አንዴ መሬታቸውን አስነጥቋቸዋል፤ ይህን አውቃለሁ። አውቄ ነው ያልኩት። በማግስቱ ሙጬ ስድስቱን ደብተር ይዛ አገሯ ገባች። እዚያ ሰዉ ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ ተክሎ ከሰል ያከስላል። አባቷ እንጨቱን ከምረው አፈር ሳያለብሱት ደረሰችና ደብተሮቹን ከሥሩ ከተተቻቸው። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። እኔ ደግሞ ለሥራ ቤቱ «ሠዓሊዋ ፈቃደኛ አይደለችም» ብዬ መለስኩ። አንድ ጊዜ ደግመው ጻፉ። ዝም አልኩ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር። ሙጬ ከሰል የሚያከስል ገበሬ አገባች፣ ሴት ልጅ ወለደች፣ እኔን የክርስትና እናት አድርጋ ጠራችኝ። ለምን መሰላችሁ? «ከእስር ቤት ያዳነችኝ እሷ ናት፣ ከእሷ ሌላ ለልጄ አልመርጥም» ብላ። ሕፃኗን አቅፌ፣ ሰይጣንን ክጃለሁ ብዬ ስለ እሷ የመለስኩ እኔ ነኝ! ምነው ያኔ ምላሴ በተሳሰረ! ከዚያ ወዲህ አበልጄ እያለች ገና በመጣ፣ ፋሲካ በመጣ ዶሮ ይዛልኝ ትመጣለች። እበላዋለሁ። የናቅሁት አሮጌው ሥሪት ቀርቶ እውነት ነው ባልኩት ፊልም ውስጥ ገብቼ እኖራለሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔም ለራሴ ብዙ ሥሪት ሠርቻለሁ። ልጅ ነበርኩ የሚል አለ። እዚያም ብትሄድ አይሳካላትም ነበር የሚል አለ። ስትወልድና ስትከብድ ደግሞ እንኳንም አልሄደች የሚል ጨመርኩ። ሁሉም ያብረቀርቃሉ፤ አንዱም እንቅልፍ አልሰጠኝም።

ያለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ሄድኩ። የክርስትና ልጄ፣ ይታይሽ የምትባለው፣ አሁን ሰባት ዓመቷ ነው። የቤቱን የውጭ ግድግዳ በከሰል ሞልታዋለች። ፈረስ ነው፤ አንዱ ፈረስ ሦስት ጊዜ፣ ጎን ለጎን፣ ሦስት ዓይነት ሆኖ። ማን አሳያት? ማንም። ሙጬ አየችና የልጅቷን እጅ መታች። በሕይወቴ ሙጬ ሰው ስትመታ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «እስቲ አንቺ ንገሪያት አበልጄ። ሥዕል ምን እንደሚያመጣ አንቺ ታውቂያለሽ። ይህች ልጅ ታስጨርሰኛለች» አለችኝ።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። እውነቱን የመናገር ዕድሉ ከዚያ በላይ እንዴት ሊመጣ ይችል ነበር? እናትም አለች፣ ልጅም አለች፣ ግድግዳውም አለ።

«እናትሽን ስሚ» አልኳት።

ይታይሽ ፈረሶቹን በመዳፏ አበሰቻቸው። ስሰናበት ያንን ጥቁር እጇን ሰጠችኝና «እትዬ፣ እንግሊዝኛ መቼ ነው የምታስተምሪኝ?» አለች። የሌላውን ሰው ልጅ ሁሉ አስተምራለሁ፤ እሷን «ስታድጊ» እያልኩ ሁለት ዓመት አቆይቻታለሁ። ለምን እንደሆነ ገብቷችኋል። ገጹ አልተዘጋም፤ ደብዳቤው እዚያው አለ። አንድ ቀን ታነበዋለች፤ ያኔ አዲሱ ሥሪት ይሆናል፣ እኔም አፌን ስከፍት ጊዜው ያልፋል።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ልጅ ነበርኩም አልልም። ይህን በአማርኛ የጻፍኩት ሙጬ አማርኛ ስለምታነብ ነው፤ በመካከል እኔ አላስፈልግም። የፊታችን እሑድ ወረቀቱን በእጇ ሰጥቻት አንብባ እስክትጨርስ ደጇ ላይ እቆማለሁ። ብትረግመኝም እቆማለሁ።

ሙጬ፣ ያ ደብዳቤ የሚለው እንዲህ ነበር፦

«እነዚህን ሥዕሎች የሣለችው ማን ናት? እንዲህ ያለ እጅ አይተን አናውቅም። እባካችሁ፣ ትምጣልን።»