የሁሴን እጅ

ልጅ ሳለሁ ከሁሉ የሚያናድደኝ መጨረሻ የሌለው ተረት ነበር፤ አባባ ይመር ደግሞ ሌላ ዓይነት ተረት አያውቁም። ሐይቁ ዳር የሚኖሩ ዓሣ አጥማጅ ጎረቤታችን ናቸው። ፀሐይዋ ከአምባሰል ጀርባ ስትገባ ግቢያቸው ውስጥ ፋኖስ አብርተው የተቀደደ መረባቸውን ይጠግናሉ፣ ለትንኙ ብለው ኩበት ያጨሳሉ፣ እኛም የሰፈሩ ልጆች ዓይናችን በጭሱ እያለቀሰ እንከባቸዋለን። አንድ ልጃቸው ሰይድ ከጎናቸው ሆኖ ክር ያቀብላቸዋል። እናቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

«አንዲት ሴትዮ ቅቤዋን በቅል ሞልታ አስቀምጣ ገበያ ወረደች» ይሉናል። ስትመለስ ቅሉ ባዶ ነው፤ ድመቷ አጠገቡ ተቀምጣ እግሯን ትልሳለች። ሴትዮዋም ድመቷን ደብድባ ከቤት አባረረቻት። እዚህ ላይ መረባቸውን ከጉልበታቸው ያወርዱና ያዩናል።

«ቅቤውን ማን በላው?»

«ድመቷ!»

«ስትበላ አያችኋት?»

«ስትልስ ነዋ!»

«ምኗን?»

«እግሯን።»

«ታዲያ እግሯን ስትልስ አየን በሉ።»

«እሺ ማን በላው አባባ?»

«እኔ ምን አውቄ? አልነበርኩ!»

ሰይድ በሳቅ ይንፈራፈራል። እኔ ግን ተናድጄ ነበር ወደ ቤቴ የምሄደው፤ ተረት ሆኖ መልሱን የሚደብቅ ሽማግሌ ምን ዓይነት ሽማግሌ ነው እያልኩ።

ያኔ መሬቱ ለአራሹ ተከፋፍሎ፣ ባላባቱ ሄዶ፣ በምትኩ የገበሬ ማኅበር መጥቶ ነበር። መሬት በማግኘታቸው የጨፈሩት ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ ልጆቻቸውን ለጦርነቱ አምጡ ተባሉ። ሰሜን ውስጥ የሚዋጋው ማንና ማን እንደሆነ ማንም በደንብ አያስረዳኝም፤ እኔ የማውቀው ጎረምሶቹ ቀን ቀን ሐይቁ ዳር በበቀለው ደንገል ውስጥ እየተደበቁ መዋላቸውን ነው። ሰይድም እዚያ ነበር የሚውለው። ምሳውን አባቱ ዓሣ ሊያጠምዱ የወጡ መስለው በታንኳ ያደርሱለት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃዎች መጥተው ሰይድን ከደንገሉ ውስጥ አወጡት። በቀጥታ ወዳለበት ነው የሄዱት፤ ግራ ቀኝ እንኳ አላሉም። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ስም ያነሣ ጀመር፦ ሁሴን። ሁሴን የባልቴቷ የእትዬ ፋጡማ ልጅ ነው፣ የሰይድ እኩያ። ጥበቃዎቹ መንታው መንገድ ላይ አቁመው ሲያነጋግሩት ታይቷል፤ እሱን ደግሞ ሳይወስዱት ቀሩ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? እኔም ሰይድ በተወሰደበት ዕለት ውኃ ቀድቼ ስመለስ በዚያው በኩል አልፌ ነበርና እጁን ወደ ሐይቁ ዘርግቶ ሲያሳያቸው አይቻለሁ አልኩ። ለእናቴ ነገርኳት፤ እሷ ለሌላ ነገረች።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲፈጠር አውጫጭኝ ይጠራል። የሰፈሩ ሰው አንድ ሳይቀር ዋርካው ሥር ይቀመጣል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ከዚያ ያየና የሰማ እስኪናገር ድረስ የሚነሣ የለም። ሁሴን ጥፋተኛ ከተባለ እሱና እናቱ ከቅሬ፣ ከሰፈሩ መረዳጃ ዕድር፣ ይወጣሉ። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት የሚያጭርለት፣ ሲሞት የሚቀብረው የለውም። እትዬ ፋጡማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ስታየኝ ትዝ ይለኛል። ልጅ በእንዲህ ያለው ቦታ አይናገርም ነበር፤ ሆኖም አየሁ ያልኩት እኔ ብቻ በመሆኔ ወደ መሐል አቀረቡኝ። መጠየቁን ሽማግሎቹ ለአባባ ይመር ተዉላቸው፤ ልጅ የተወሰደባቸው እሳቸው ናቸውና።

«ዘሀራ፣ አብሽሪ፣ አትፍሪ። ምን አየሽ?»

«ሁሴን ሰይድን ሲያሳያቸው።»

«ሰይድ ደንገል ውስጥ ነው፤ አይታይም። ምን አየሽ?»

«እጁን... ወደ ሐይቁ ሲዘረጋ።»

«እንስራው ጀርባሽ ላይ ነበር?»

«አዎ።»

«ሙሉ?»

«ሙሉ።»

አባባ ይመር ወደ ሽማግሎቹ ዞሩ። ከዚያ እንስራ ይምጣ አሉ። ውኃ ሞልተው አሳዘሉኝ፣ ገመዱ ደረቴን ያዘኝ፤ ሁሴንን ያን ቀን ከእኔ ይርቅ የነበረውን ያህል አርቀው አቆሙትና እጅህን ዘርጋ አሉት።

«ምን ይታይሻል?»

«እግሩ።»

«እጁስ?»

በዚያ ክብደት ጎንበስ ብዬ የሚታየኝ አፈሩና የሁሴን ባዶ እግር ብቻ ነበር። ቀና ልል ሞከርኩ፤ ውኃው አንገቴ ላይ ፈሰሰ። «አይታየኝም» አልኩ። ሰዉ አጉረመረመ። አንዱ ከኋላ «አውርዳ አርፋ ይሆናላ!» ብሎ ጮኸ። አባባ ይመር ወደ ጆሮዬ ተጠግተው «አርፈሽ ነበር እንዴ፣ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

አላወቅሁም። ወላሂ አላወቅሁም። መንታው መንገድ ላይ እንስራ የሚያሳርፉበት ድንጋይ አለ፤ አንዳንድ ቀን አርፋለሁ፣ አንዳንድ ቀን አላርፍም። ለእናቴ ከመናገሬ በፊት ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ውኃው ዳር ሴቶቹ ስለ ሁሴን ሲያወሩ ሰምቻለሁ። እጁ ግን ቁልጭ ብሎ ይታየኛል፣ የሸሚዙ እጅጌ መቀደዱ ሳይቀር። ከዓይኔ ይሁን ከጆሮዬ የገባው መለየት አቃተኝና እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

አባባ ይመር እንስራውን ራሳቸው አወረዱልኝ። «ልጅቷ አላየችም፤ ብታይም አታውቅም። እኔም አላውቅም። ሰውን ባላወቅሁት አላስወጣም» ብለው ጫማቸውን አነሡና ሄዱ። ሁሴንና እናቱ ከቅሬው ሳይወጡ ቀሩ። ሰይድ ከሄደበት አልተመለሰም።

ካደግሁ፣ ካገባሁ፣ ጦርነቱም ካለቀ ከብዙ ዘመን በኋላ ሁሴንን ደሴ መናኸሪያ አገኘሁት። ከዐረብ አገር መመለሱ ነበር፤ ጸጉሩ ሸብቷል። ሰላምታው እንዳለቀ ሳልጠይቀው ራሱ ጀመረ።

«ያን ቀን እጄን አንሥቻለሁ» አለኝ። «ወንዶቹ የት ናቸው ብለው መሣሪያ ደቀኑብኝ።  ዝም ብዬ ከፊቴ አርቄ ልሸኛቸው ነው የፈለግሁት። ወደ ሐይቁ ይሁን ወደ ገበያው ወላሂ አላስታውስም፤ ስንት ዓመት ሙሉ አስቤዋለሁ። አንቺ ታስታውሺ እንደሆነ ልጠይቅሽ እፈልግ ነበር።»

እኔን ይጠይቀኛል! አላስታውስም አልኩት፤ ውሸት አልነበረም። ግን እጁን አንሥቶ ነበር። እንግዲያው አይቻለሁ ማለት ነው? ወይስ የሰማሁት ወሬ እንዲያው ገጥሞ ነው?

ወደ ሐይቁ ዳር ሰፈራችን እንደተመለስኩ በቀጥታ አባባ ይመር ዘንድ ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ በድምፄ ለዩኝ። ሁሉንም ልነግራቸው ቆርጬ፣ ሁሴንን አገኘሁት ብዬ ጀመርኩ።

«ሁሴንን?» ብለው ፊታቸው በራ። «ደህና ነው? ልጆች ወለደ? እናቱን ስንቀብራት ባሕር ማዶ ነበር፤ የለሁም ብሎ እንዳይቆጭ ንገሪው፣ እንደ ልጇ ሆኜ ጉድጓድ ገብቼ ያሳረፍኳት እኔ ነኝ።»

ደህና ነው፣ ወልዷል አልኳቸው።  እጁን ማንሣቱን ያልነገርኳቸው ለእሳቸው አዝኜ ይሁን፣ ለሁሴን ሰግቼ ይሁን፣ ወይስ ያን ቀን ዋርካው ሥር በእኔ እንባ የተዘጋ ነገር እንደገና እንዳይከፈት ፈርቼ፣ እስከ ዛሬ ይምታታብኛል። እሳቸው እጄን ይዘው ስለ ሁሴን ልጆች ስም መጠየቃቸውን ቀጠሉ፤ እኔም ስማቸውን አልጠየቅሁትም ነበር።