ካሚዮን የሌለበት መንገድ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው አምስት ነን። አንደኛው ሲኞር ኤቶሬ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ መንገድ ያሠራ የነበረ ጣሊያን። ሁለተኛው አስተርጓሚው ጥላዬ፣ ግራዝማችነቱን ከጣሊያን እጅ የተቀበለ። ሦስተኛው ጋሼ ሰይድ፣ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ማሽላ የሚያርሱ ጎረቤታችን። አራተኛዋ ታላቅ እህቴ ዘውዴ። አምስተኛው እኔ ደምሴ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ፣ የሜትር ገመድ ጫፍ ይዤ የምውል የመንገድ ሠራተኛ። ማን እንደነበረ አስቀድሜ ካልቆጠርኩ እጄ አይጽፍም፤ የቆየ ልማዴ ነው።

ነገሩን ያስታወሱኝ ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት ወጣቶች ናቸው። ብስክሌታቸውን መኪና ላይ ጭነው መጡ። ሊጋልቡት የመጡትን ነገር ለምን እንደሚጭኑት አልጠየቅኋቸውም። አንደኛው ወረቀት ዘርግቶ፣ መኪና የማይመጣበት፣ ጠጠር የሆነ፣ አገሩን በደንብ የሚያሳይ መንገድ እንድጠቁመው በትሕትና ለመነኝ። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ክፉ ቃል አይገባቸውም። እኔ ግን ይህንኑ ጥያቄ ከሌላ አፍ ሰምቼው ነበር።

ሲኞር ኤቶሬ ሰው አይመታም ነበር፤ የሚመቱለት ነበሩት። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ድንጋይ ሲያስፈልጠንና ሲያሸክመን ይሰነብትና እሑድ ሲሆን አገራችን ውብ መሆኗ ትዝ ይለዋል። ከአስመራ በካሚዮን ያስመጣቸው ሁለት ብስክሌቶች ነበሩት፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ አረንጓዴ። በመጀመሪያው እሑድ እኛው በሠራነው ዋና መንገድ ላይ ወጣ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰ። ካሚዮኖቹ አቧራ አልብሰውት ከወፍጮ ቤት የወጣ ይመስል ነበር። መንገዱን ያሠራው ለካሚዮን መሆኑን የረሳ ይመስል ካሚዮን በዛ ብሎ ተቆጣ።

በማግስቱ ግራዝማች ጥላዬን፣ ጋሼ ሰይድንና እኔን ጠርቶ ካርታ ዘረጋ። የሚፈልገውን ዘርዝሮ ነገረን። ጠጠር ይሁን፤ ካሚዮን አይኑር፤ ሰውና ከብት አይብዛ፤ አህያ ጨርሶ አይኑር፤ ጥላ ይኑር፤ ተራራው ይታይ። ጥላዬ ይህን ሁሉ አዋጅ እንደሚያነብ ሰው ደረቱን ነፍቶ ተረጎመው። ጋሼ ሰይድ አገጫቸውን እያሻሹ ሰሙና ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣

«ሰውም አህያም የማይሄድበት ከሆነ ወላሂ መንገድ ያደረገው ማነው?» አሉ።

ጥላዬ ይህን አልተረጎመም።

በካርታው ላይ ከሮቢ ወንዝ እስከ ተራራው ሥር ያለው ቦታ ነጭ ነበር። ሲኞር ኤቶሬ በቀይ እርሳሱ እዚያ ነጭ ላይ ክብ ሠርቶ «እዚህ ምንም የለም» አለ። እዚያ «ምንም» ውስጥ ቤት ብቻ ሠላሳ አንድ አውቃለሁ፤ መስጊዱን፣ መቃብሩንና አምስቱን ትልልቅ ሾላዎች ሳልጨምር። ቀጥሎ እርሳሱ በአንድ መስመር ላይ ቆመ። ከወንዙ ጠጠር ለማውጣት ባለፈው ዓመት ጠርገነው፣ ጠጠሩ ሲያልቅ የተተወ መንገድ ነው። ጥላዬ ወዲያው ከዚህ የሚያምር የለም አለ። አይቶት አያውቅም።

እኔ ግን መንገዱን አውቀዋለሁ። በዚያ መንገድ እሑድ እሑድ እህቴ ዘውዴና ጓደኞቿ ተራራው ላይ ላሉት አርበኞች ስንቅ ያደርሱ ነበር። እሑድን የመረጡት ጣሊያኖቹ የሚያርፉበት ቀን ስለሆነ ነው። ማሽላ ጭኖ ወደዚያ ተራራ ሲወጣ የተያዘ ሰው ምን እንደሚደርስበት ገበያ መሀል ተሰቅሎ አይተናል። ስለዚህ ያ መንገድ ገደላማ ነው፣ አሸዋው ጎማ ይውጣል፣ ከዚህ የሚሻል ለክቼ ላምጣ አልኩ። በራሴ የለቀምኳት ጣሊያንኛ ለዚህ ትበቃለች። ልኬ ትክክል መሆኑን ስለሚያውቅ ሲኞር ኤቶሬ እሺ አለ፤ አራት ቀን ሰጠኝ።

ለዘውዴ ስነግራት ማሽላ እያበጠረች ነበር። ሰፌዷን አላቆመችም። ሌላ ቀን እንዲመርጡ ብነግራትም ሌላው ቀን ሁሉ ወደዚያ የሚያደርሰው ዋና መንገድ በጣሊያን ሠራተኛና በዘበኛ የተሞላ መሆኑን እኔው ራሴ እንደማውቅ አስታወሰችኝ። ከዚያ ቀና አለችና፣

«ሕፃን ፍም ሲይዝ አይነጥቁትም፤ ሌላ ነገር ያስይዙታል። አንተም ከዚያ የሚያምር ፈልገህ አስይዘው» አለችኝ።

ፈለግኩ። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ሜዳ የሚያወርድ አሮጌ የግመል መንገድ አለ። ከጦርነቱ ወዲህ ነጋዴ አይመጣበትም፤ ጎርፍ ጠጠር አልብሶታል። ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስንለቀቅ እየሄድኩ ለካሁት፤ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ከሁለት መቶ ሜትር ሆነ። ጥላ ያለበትን፣ ውሃ የሚገኝበትን፣ ነፋሱ በስንት ሰዓት ከየት እንደሚነሳ፣ ሲመለስ ተራራው ፊት ለፊት ሙሉ ሆኖ የሚታይበትን ጉብታ አንድ በአንድ ጻፍኩ። ወሩ ታኅሣሥ ስለነበር የታጨደው የማሽላ አገዳ በየማሳው ተከምሮ አየሩ ጣፋጭ ይሸታል። የምንቀውን ሰው ለማስደሰት በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለም። በሦስተኛው ቀን አንድ ድንጋይ ከመንገዱ ላይ ሳነሳ ራሴን ያዝኩት። ማንም አላዘዘኝም።

እሑድ ጠዋት ወጣን። ሲኞር ኤቶሬ በጥቁሩ፤ ጥላዬ በአረንጓዴው፣ ገና ስላልለመደው ግማሹን እየገፋ፤ እኔ በእግሬ፤ ጋሼ ሰይድ ከኋላ። አህያ አይኑር ያለው ሰው ዳቦውን፣ ሳርዲኑን፣ የተቀቀለ እንቁላሉንና የሚታጠፍ ወንበሩን የጫነው በጋሼ ሰይድ አህያ ላይ ነበር።

ሁለተኛውን ኪሎ ሜትር ሳንጨርስ የጥቁሩ ፊት ጎማ ተነፈሰ። ወዲያው የኋላውም። የአረንጓዴውም። ጎንበስ ብዬ ሳይ መንገዱ በግራርና በቁርቁራ እሾህ ተሞልቷል።

ይህን ስህተት እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኩም። ቆላ ማሽላ የሚታጠረው በእሾህ ነው። አገዳው ተሰብስቦ ያለቀ ዕለት ባለማሳው የእሾህ አጥሩን ነቅሎ፣ በገመድ አስሮ፣ መሬት ለመሬት እየጎተተ ለከብቶቹ በረት ወደ ቤቱ ይወስደዋል። የተጎተተበት መንገድ ለሳምንት ባዶ እግር አያስኬድም። ይህን የማያውቅ የይፋት ልጅ የለም። እኔ ግን ሁለት ዓመት በሜትር ገመድ ስውል የለካሁትን ብቻ መጻፍ ለምጄ የማውቀውን መጻፍ ትቼ ነበር። አጥሩ የተጎተተው ቅዳሜ ነው። እኔ የለካሁት እስከ ዓርብ ነው። ጋሼ ሰይድን ብጠይቃቸው ይነግሩኝ ነበር፤ አልጠየቅኋቸውም። እሳቸውም ታውቀዋለህ ብለው ዝም አሉ።

ሲኞር ኤቶሬ ካርታው ላይ እርሳሱ የቆመበትን መስመር አስታወሰ። እዚያም እሾህ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። እኔ አፌን ሳልከፍት ጥላዬ፣ ባለፈው ሳምንት ራሴ በእግሬ ሄጄበታለሁ፣ እንደ መዳፍ ንጹሕ ነው ብሎ መለሰ። ከጣሊያኖቹ ሠፈር አጥር ርቆ የማያውቅ ሰው! ክፋት አልነበረውም፤ ክፋት እንኳ ትንሽ ማሰብ ይጠይቃል። የተነፈሰውን ጎማ ተጠቅሞ ከፍ ማለት ፈለገ፣ ያ ብቻ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ግራዝማች ፊት ፊት እየጋለበ እንዲመራ ታዘዘ።

ያን ምሽት ሳይሆን በማግስቱ ቀትር ላይ ለዘውዴ ጥፋቴን ተናዘዝኩ። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ስለ እሾሁ ደግማ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ስንት ክንድ ላይ ነው የተነፈሰው፣ ሰውየው እሾሁን ሲያይ ማንን ጠረጠረ። ማንንም አልጠረጠረም፣ አገሩ እሾህ ነው ብሎ አገሩን ነው የሰደበው አልኳት። ሳቀች።

«እንግዲያው ጋሼ ሰይድም አጥራቸውን ያንሱ» አለች።

ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ፣ ዘበኞቹ እያዩ፣ አራት ሴቶች የጋሼ ሰይድን የእሾህ አጥር እየጎተቱ ወንዙን ተሻገሩ። ወደ ጠጠሩ መንገድ መግቢያ ወሰዱት፤ አዙረው መለሱት፤ እንደገና ወሰዱት። ዘበኛው የሴት ነገር፣ መንገድ ጠፍቷቸው ነው ብሎ ተሳለቀ። የአገሬው ሥራ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም። ዘውዴ ስትመለስ እጆቿ እስከ ክርኗ ተቧጭረው ነበር፤ ቂጣ መቁረስ አቅቷት እኔ ቆርሼ ሰጠኋት።

በማግስቱ ግራዝማች ጥላዬ የሹመት ካባውን ለብሶ አረንጓዴው ላይ ወጣ። ሦስት መቶ ሜትር ያህል ሄደ። ከዚያ ጎማው ፉጨት አሰማና ካባው ከፔዳሉ ጋር ተጠላልፎ ግራዝማች ከነክብሩ አሸዋ ላይ ተዘረጋ። የሲኞር ኤቶሬ ጎማም ተከተለ። በዚያው ቅጽበት ከሾላዎቹ ባሻገር፣ መንገዱ ወደ ተራራው በሚታጠፍበት፣ አቧራ ተነሳ። ሲኞር ኤቶሬ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ተመለከተ፤ ከዚያ ምንድነው ብሎ ጠየቀኝ።

«አውሎ ነፋስ ነው» አልኩት።

ቅጠል አልተነቃነቀም ነበር። እሱ ግን ከእኔ ዓይኑን መልሶ ወደ ጥላዬ ዞረና በእግርህ የሄድክበት ይህ ነው ወይ አለው። ጥላዬ በሁለት ቋንቋ ዝም አለ። ሲኞር ኤቶሬ ሁለቱን ብስክሌቶች አሸክሞ፣ ካባውን እንደለበሰ፣ እስከ ሠፈሩ አስኬደው። እኔን ግን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ከሁላችሁ ትክክለኛ ሰው አንተ ብቻ ነህ» አለኝ።

ደስ አለኝ። ያን ደስታ ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ፤ በጌታው የተመሰገነ ውሻ የሚሰማው ዓይነት ነበር። እህቴን ከመስቀያ ገመድ ባዳንኩባት ደቂቃ ውስጥ የዚያ ሰው ምስጋና ሞቀኝ። ሲኞር ኤቶሬን እንቀዋለሁ፣ ጥላዬን እንቀዋለሁ፤ ለራሴም ከዚያው ንቀት ላይ የሚገባኝን ድርሻ ቆርሼ ሰጥቻለሁ። ሲኞር ኤቶሬ ከዚያ በኋላ እስኪዛወር ድረስ በዋናው መንገድ ከካሚዮን ጋር እየተጋፋ እያሳለ ጋለበ። ስንቁም አልተቋረጠም።

ለሁለቱ ወጣቶች የጠጠሩን መንገድ ነግሬያቸዋለሁ። ማሽላው ተሰብስቦ እንደሆነ አስቀድመው ባለማሳውን እንዲጠይቁ፣ ወረቀታቸው ላይ ነጭ የሆነውን ቦታም ባዶ ነው እንዳይሉ አስጠንቅቄያቸዋለሁ። የመጀመሪያውን ጻፉት፤ ሁለተኛውን ፈገግ ብለው አለፉት።

እኔ የቀረኝ አንድ ነገር ነው። እሾሁን ከጎተቱት አራት ሴቶች ሁለቱን አውቃለሁ፤ እህቴ ዘውዴና የጋሼ ሰይድ ባለቤት እትዬ ፋጡማ ናቸው። የቀሩትን ሁለቱን ዘውዴ ያኔ ለደኅንነት ብላ አልነገረችኝም፤ ኋላም ሳልጠይቃት አረፈች። አንደኛዋ ከጀውሃ በኩል የመጣች ናት የሚል ሰው አለ፣ አላረጋገጥኩም። ከቀወት መንደሮች፣ እናቱ ወይም አያቱ በዚያ ታኅሣሥ እጇ ተቧጭሮ ምክንያቱን ያልነገረችው ሰው ካለ፣ ስሟን ይላክልኝ። የተሳሳትኩት ነገር ቢኖርም አርሙኝ፤ ርቀቱን ግን ደጋግሜ ለክቼዋለሁ።